ደብርና ደብተራ፦ በጅማ ተራሮች ላይ ስለ ማደር

በግእዝ ቋንቋ «ደብር» ማለት ተራራ ማለት ነው፤ «ደብተራ» ማለትም ድንኳን ማለት ነው። አበው አብያተ ክርስቲያናትን በከፍታ ላይ መትከል ስለ ወደዱ የተራራው ስም ወደ ቤተ መቅደሱ ተሻገረ፤ የድንኳኑም ስም በደብተራ ኦሪት ያገለግሉ የነበሩትን ካህናት በማሰብ በማኅሌት ለሚቆመው ሊቅ መጠሪያ ሆነ። ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ከዚያ መውረድን ስላልወደደ ሦስት ዳስ ለመሥራት እንደ ለመነ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን እናስታውሳለን፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ነቢያቸው ከመካ ወጥተው በሂራ ተራራ ዋሻ ለብቻቸው ይቀመጡ እንደ ነበር ያስተምራሉ። «ሰፈር» የምንለውም የከተማ ክፍል ስሙን ያገኘው ከተጓዥ ሠራዊት ማረፊያ ነው። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ተራራ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ በሰፈሩ ሰዎች ድንኳን መጀመሯን ያነበበ ሰው፣ የዛሬ ወጣቶች ቅዳሜና እሑድ ድንኳን ተሸክመው ወደ ተራራ ሲወጡ ባየ ጊዜ ልማዱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብሎ ሊነቅፋቸው አይገባውም።

ይህን ያስቀደምሁት በምኖርባት በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ስላለው ተራራና ደን ለመናገር ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ ዙሪያዋን በኮረብታ የተከበበች ከተማ ናት። በዚች ከተማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በጌራ የሚኖር ሰው ቡናን በፈረሱላ ይመዝነዋል፤ በጆንያ ያስረዋል፤ እሸቱን ከጀንፈሉ፣ የታጠበውን ካልታጠበው በዓይኑ ብቻ ይለየዋል፤ ቤቱን የሠራውም ልጁን ያስተማረውም በቡና ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚሁ ሰዎች አያሌዎቹ፣ ቡና ማንም ሳይተክለው በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር በቅሎ የሚኖርበትን ደን በመኪና መስኮት ካልሆነ በቀር አላዩትም። እኔም እስከ ጎልማሳነቴ ድረስ ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ፤ ዛሬ የምጽፈውም ያን ያህል ዘመን ያለፈኝ ነገር ሌላውን ሰው እንዳያልፈው በመመኘት ነው።

ተራራ መውጣትን ያልለመደ ሰው በጅሬን ቢጀምር መልካም ነው። ጅሬን ከከተማው መካከል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ኮረብታ ሲሆን፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ያቆሙት በዚሁ ላይ ነው፤ ሰገነቱ የሰፋው የእንጨት ቤተ መንግሥት ዛሬም ይጎበኛል። ጅማ ያደገችው ከሂርማታ ገበያ ነውና፣ ከኮረብታው ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ገበያው ከተማ የሆነበትን ሜዳ በአንድ ጊዜ ያየዋል። አዲስ ጫማ የገዛ ሰውም ጫማው እግሩን የሚልጠው መሆን አለመሆኑን በዚሁ መንገድ ቢያውቀው ይሻለዋል፤ ከጅሬን ወደ ቤቱ መመለስ ቀላል ነውና።

ደኑን ለማየት ግን ራቅ ብሎ መሄድና ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር ያስፈልጋል። እኛ አምስት ጓደኛሞች በታኅሣሥ ወር፣ ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ከጅማ ተነሥተን በቦንጋ መንገድ ሰቃ ጮቆርሳን አልፈን ወደ ሸቤ ስናመራ፣ ከአርባ ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ በለጠ የሚባለው ደን በመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀበለን። ይህ ደን ከጌራ ደን ጋር ተያይዞ በለጠ ጌራ ተብሎ የሚጠራ፣ 150,000 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ጥብቅ ደን ነው። አስቀድመን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትና ለመንደሩ ሽማግሌዎች አስታውቀን፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ በደኑ ውስጥ ማር ሲቆርጡ የኖሩ አንድ አዛውንት መንገድ እንዲመሩን ለምነን ስለ ነበር፣ ከመኪና ስንወርድ ዱላቸውን ይዘው ቆመው አገኘናቸው። አገሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር መሄድ የመጀመሪያው ሥርዐት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ደን ውስጥ ጭጋግ ሲወርድ ምሥራቅና ምዕራብ አይለይም።

መንገዱ በመጀመሪያ የሚያልፈው ቡና በሚለቀምበት በታችኛው ደን ውስጥ ነው። ወሩ የለቀማ ወር ስለ ነበር ሴቶችና ልጆች ቅርጫት አንግተው ቀይ ቀዩን እሸት እየመረጡ ሲለቅሙ፣ ድምፃቸውን ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲቀባበሉ እንሰማ ነበር። ከቡናው በላይ ሰሳና ዋንዛ፣ ከእነዚህም በላይ ቀረሮ ግንዱን እንደ ዓምድ አቁሞ እስከ አርባ ሜትር ድረስ ሲወጣ የተመለከተ ሰው፣ ቡና ጥላ ወዳድ ዕፅ መሆኑን ከመጽሐፍ ሳይማር ይረዳዋል፤ የፀሐዩ ብርሃን በሦስትና በአራት ደርብ ቅጠል ተጣርቶ፣ በቤተ መቅደስ መስኮት እንደሚገባ ብርሃን ለዝቦ ነው ከሥር የሚደርሰው። የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዕፅ ስም ሲያወጣለት ከዐረብ አገር የመጣ መስሎት «አረቢካ» አለው፤ ዋነኛው የትውልድ ስፍራው ግን ይህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ዛሬ የዕፀዋት ሊቃውንት ያስተምራሉ። የጎማ ሰዎች ቡና በመጀመሪያ የታየው ከአጋሮ አጠገብ በጮጬ ነው ሲሉ፣ የከፋ ሰዎች ደግሞ በእኛ አገር ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ደኑ የሰው ወሰን ሳያግደው ከጅማ ተነሥቶ ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ከፋ ሲዘልቅ ካየሁ በኋላ ሁለቱንም ወገኖች ማመን አልከበደኝም።

አዛውንቱን «አባባ፣ ይህን ሁሉ ቡና ማን ተከለው?» ብንላቸው፣ የተከለው አላህ እንደ ሆነ፣ የዘሩት ወፍና ጦጣ እንደ ሆኑ፣ የሰው ሥራ ግን መጠበቅ ብቻ እንደ ሆነ ነገሩን። ቀጥለውም ከመካከላችን አንዱ አንዲት ቀይ ፍሬ ለመቅጠፍ እጁን ሲዘረጋ በዱላቸው ጫፍ በቀስታ መለሱት፤ ያ ዱር የሚመስለው ቡና የአንዲት ባልቴት ድርሻ ነበር። ለከተማ ሰው በጣም እንግዳ የሚሆንበት ነገር ይህ ነው፤ ደኑ አጥርና ካስማ ሳይኖርበት፣ ይህ ዛፍ የእገሌ፣ ያ ሸለቆ የእገሊት እየተባለ በቃል ተከፋፍሎ ይታወቃል። በከፋና በሸካም «ኮቦ» የሚባል ጥንታዊ ሥርዐት አለ፤ አንድ ቤተ ሰብ በአንድ የደን ክፍል ውስጥ ቀፎ የመስቀልና ማር የመቁረጥ መብት ከአባቱ ይወርሳል። ስለዚህ በጫካ ውስጥ የሚጓዝ እንግዳ በሰው ጓሮ ውስጥ እንደሚያልፍ ሰው ሆኖ እንዲሄድ ያስፈልጋል።

ወደ ላይ እየወጣን በሄድን ቁጥር የለቃሚዎቹ ድምፅ እየራቀ፣ መንገዱም እየጠበበ ሄደ። በየወንዙ ጥግ ለሆሳዕና የምናስረው ዘምባባ፣ በየጥሻው ኮረሪማና ጥምዝ፣ በጥልቅ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ እንደ ዛፍ ግንድ ያወጣ ፈርን ይታያል፤ ከከፍተኛ ቅርንጫፎች ላይም በረዥሙ የተሠሩ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ጌተም የሚባለው ዛፍ ሲያብብ ንቦቹ ከእርሱ የሚያመጡት ማር ነጭ ነው። ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን እያርገበገቡ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ባየናቸው ጊዜ ሁላችንም ሳንስማማ ዝም አልን፤ በዚያ አርምሞ ውስጥ ያለፈው ግማሽ ሰዓት በወር ሙሉ ከሰማሁት ወሬ ይልቅ በልቡናዬ ተቀርጾ ቀርቷል።

ከቀትር በኋላ አንድ ቦታ ደርሰን አዛውንቱ ቆሙና ከእግራቸው በታችና በላይ እያሳዩ፣ ቡናው እዚህ ላይ እንደሚቀር ነገሩን። እውነትም ከዚያ በላይ ዛፉ እንዳለ ነው፤ ቡናው ግን እየሳሳ ሄዶ ጠፍቷል። ምክንያቱ ብርድ ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በስድስት ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ ተራራ የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን እርምጃ ከአንዱ የአየር ጠባይ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ ቡናም ለእርሱ የተመደበው ደረጃ ሲያልቅ ይቆማል። አዛውንቱ እንዳሉት ግን ይህ ወሰን በልጅነታቸው ከነበረበት ቦታ ፈቀቅ ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል። ይህ የአንድ ሽማግሌ ትዝታ ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳ ነገር አለ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የሊቃውንት ጥናት፣ የዓለም ሙቀት አሁን በሚሄድበት አኳኋን ከቀጠለ በኢትዮጵያ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ ምዕት ዓመት መጨረሻ ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ቡናው ወደ ላይ ሊሸሽ የሚችለው ደግሞ በላይ ያለው ደን ተጠብቆ ከቆየለት ብቻ ነው። ይህን በቢሮ ተቀምጬ ባነብበው ኖሮ ቍጥር ሆኖ ያልፈኝ ነበር፤ የወሰኑን ቦታ በእግሬ ረግጬ ካየሁት በኋላ ግን የማልረሳው ጭንቀት ሆኖብኛል።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን የማደሪያ ስፍራ መፈለግ ጀመርን፤ በደን ውስጥ ጨለማ ከሜዳው ቀድሞ ይመጣልና ከዚያ መዘግየት አይገባም። ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ምርጫ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። የቀዘቀዘ አየር ሌሊቱን እንደ ውሃ ወደ ታች ስለሚፈስ በሸለቆው ግርጌ ማደር ብርድ ያበዛል፤ በተራራው ራስ ላይ ደግሞ ነፋሱ አያስተኛም፤ በወንዝ ዳር ያደረ ሰውም ከላይ በዘነበ ዝናብ ሳያስበው ይጥለቀለቃል። ስለዚህ በተራራው ወገብ ላይ ያለ ደልዳላ መሬት፣ ከራሱ በላይ የደረቀ ቅርንጫፍ የሌለበት፣ ከሁሉ የተሻለ ነው። ካስማውን አጥብቆ መትከልና አውታሩን መወጠር፣ ከዚያም የላቡን ልብስ አውልቆ ደረቅ መልበስ ይገባል፤ የጥጥ ልብስ ላብ ሲጠጣ ቶሎ አይደርቅምና ከበግ ጠጕር የተሠራ ሹራብና አንድ ወፍራም ጋቢ ለታኅሣሥ ሌሊት የግድ ናቸው።

ስለ ጉንዳን ሳልናገር ባልፍ አንባቢን በደልሁት። ከዚህ ጉዞ በፊት በአንድ ሚያዝያ፣ ያለ መሪ ሄደን፣ መሬቱን ሳንመረምር ድንኳናችንን በጉንዳን መንገድ ላይ ተክለን፣ የተረፈውንም ዳቦ ሳንከድን ተኝተን ነበር። በእኩለ ሌሊት የሠራዊት ጉንዳን ድንኳኑን ወርሶ፣ በዝናብ ውስጥ ባዶ እግራችንን ወጥተን እስኪነጋ ድረስ ቆመን አደርን፤ ከመካከላችን የነበረው ታናሽ ልጅ ሲያለቅስ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በዚህኛው ጉዞ አዛውንቱ ገና ሳይመሽ መሬቱን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ፣ ከምድጃው አመድ ወስደው በድንኳኖቹ ዙሪያ በተኑበት፤ ምግቡንም በጆንያ አድርገው በቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። ሌሊቱን አንዲት ጉንዳን አልመጣችም።

ወሩ ጾመ ነቢያት ስለ ነበር ሦስታችን የያዝነው ስንቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበር፤ ሁለቱ ሙስሊም ጓደኞቻችን ደግሞ እናቶቻቸው በቅቤ ያሹትን ጭኮ ይዘው መጥተዋል፤ አዛውንቱ ያመጡት ነጭ ማር ግን ለጾመኛውም ላልጾመውም የሚሆን ነበርና በአንድ ገበታ አገናኘን። እሳቱን ያነደድነው ቅጠሉን እስከ አፈሩ ድረስ ጠርገን፣ የወደቀ ደረቅ እንጨት ብቻ ሰብስበን ነው። ከዋክብቱ በቅጠሉ ክፍተት አንድ አንድ ሆነው ሲታዩ፣ ጅብ ከሩቅ ሲጮህ፣ ጨዋታችን እየቀነሰ ሄዶ፣ በከተማ ሳለን ለዓመታት ያልተነጋገርነውን ስለ ወላጆቻችን ሞትና ስለ ልጆቻችን የወደፊት ኑሮ ተነጋገርን። ጓደኛን ማወቅ ለሚሻ ሰው ከቡና ቤት ወንበር ይልቅ እንዲህ ያለው እሳት ዳር ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ጎሕ ሲቀድ የቀሰቀሰን ከዛፉ ራስ ላይ የሚያገሣው የጉሬዛ ድምፅ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶም ከታች ከመንደሩ የአዛን ጥሪ በጭጋጉ ውስጥ ወጣ። ሁለቱ ጓደኞቻችን ከአዛውንቱ ጋር ሰገዱ፤ እኛም ወደ ምሥራቅ ዞረን የሰንበቱን ጸሎት አደረስን። ከዚያ በኋላ አዛውንቱ ከራሳቸው ድርሻ የተለቀመውን ቡና ቆልተው፣ በእንጨት ሙቀጫ ወቅጠው፣ ጀበናውን ጣዱ። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ቡናው ከበቀለበት ደን ሳንወጣ ጠጣን። ስለ ጣዕሙ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ ውሃው ከምንጭ የተቀዳ፣ እንጨቱ ከዚያው የወደቀ፣ ፍሬውም ከዚያው የተለቀመ ነበር።

ወደ ሌላው ተራራ መሄድ ለሚወድ ሰው ከአጋሮ በላይ ያሉት የጎማ ተራሮች አሉለት፤ በእነዚህም ዘንድ ከሁሉ የሚያስደንቀው የአፍላጋቱ ነገር ነው። ከዚያ የሚመነጨው ዴዴሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሄዶ ከዓባይ ጋር ተቀላቅሎ በግብፅ በኩል ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል፤ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የሚነሣው የጊቤ ውሃ ግን ወደ ደቡብ ወርዶ ኦሞ ተብሎ በቱርካና ሐይቅ ይቀራል። ይህን አገር በየተራራው ራስ ላይ እየወጡ የለኩት አንቷን ዳባዲና ወንድሙ አርኖ የተባሉት ፈረንሳውያን፣ በ1846 እ.ኤ.አ. የጊቤን ምንጭ ባገኙ ጊዜ የነጭ ዓባይን ምንጭ ያገኘን መስሏቸው በዚያ የአገራቸውን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። አንቷን ስሕተቱ ይህን ያህል ቢሆንም ታላቅ ሊቅ ነበር፤ በ1881 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ዛሬም ለተመራማሪዎች ያገለግላል። ከዚህም የበለጠ ከፍታ የሚሻ ጠንካራ ወጣት ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚወጣው ወደ ማይጉዶ ተራራ ይሂድ፤ እርሱ ግን የአንድ ሌሊት ጉዞ አይደለም።

አሁን ስለ ጥበቃው ልናገር። የከፋና የያዩ የቡና ደኖች በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብለው ተመዝግበዋል። በበለጠ ጌራም በጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት በጃይካ ረዳትነት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ደኑን እንዲጠብቁና የደን ቡናቸውን በተሻለ ዋጋ እንዲሸጡ ተደርጓል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ደኑ የሚጠፋው በመጥረቢያ ብቻ አይደለም። ቡና እንዲበዛ ተብሎ ትንንሾቹ ዛፎች በየዓመቱ ሲመነጠሩ፣ የዛሬዎቹ ቀረሮዎች አርጅተው በወደቁ ጊዜ የሚተካቸው ችግኝ አይኖርም፤ ይህን ጥፋት ከመንገድ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው የለም፤ ጫካው ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነውና።

የሚያድረው እንግዳ ደግሞ የራሱ ግዴታ አለበት። በኦሪት ዘዳግም 23ኛ ምዕራፍ የእስራኤል ሠራዊት ከሰፈሩ ውጭ የተለየ ስፍራ እንዲኖረው፣ መቈፈሪያም ይዞ ቈፍሮ እንዲከድን ታዝዟል፤ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ለሠራዊት የታዘዘው ይህ ሕግ ዛሬ በደን ውስጥ ለሚያድር ሰው ቃል በቃል የሚሠራ ነው፤ የሚቈፈረውም ከምንጭ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ መሆን አለበት። ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሸክሞ የወጣ ሰው ተሸክሞ ይመለስ፤ እሳቱንም በእጁ አመዱን ነክቶ ቀዝቃዛ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይሂድ። በዚህ ነገር ትንሽ የሚባል ቸልተኝነት የለም፤ በበጋ ወር የተተወች ፍም የአንድን መንደር የዓመት እንጀራ ታጠፋለች።

እሑድ ከቀትር በኋላ ወርደን አዛውንቱን የድካማቸውን ዋጋ ከፍለን፣ ምርቃታቸውንም ተቀብለን ወደ ጅማ ተመለስን። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ የጅማ፣ የአጋሮና የሊሙ መምህራን፣ በክፍል ውስጥ ስለ ቡና የምታስተምሯቸውን ልጆች አንድ ጊዜ ወደ ደኑ ውሰዷቸው። በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ከጥቂት ቀናት በኋላ የደኑ ቡና ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጭ አበባ ያብባል፤ መዓዛውም እስከ መንገዱ ይወጣል፤ አበባው የሚቆየው ግን ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው።